ከአበልጄ ሱቅ የገዛሁት መቀስ

ለእኔ ጡረታ በደብዳቤ አልመጣም። ውጊያው ከካርቱም ሲርቅ ከሸሸሁበት ከገዳሪፍ ተመለስኩና ሳጃና ገበያ ዳር ወደነበረው ወርሻችን ሄድኩ። ወርሻ የምንለው የቆርቆሮ ሥራ ቤታችንን ነው። በሩ የለም፣ ማጠፊያው ማሽን የለም፣ መዶሻው የለም፤ የጣሪያው ዚንክ እንኳ ከነምስማሩ ተነቅሎ ተወስዶ አራት ግድግዳ ብቻ ቆሟል። ባለቤቱ ሐጅ ዓዋድ ካይሮ ነበር፤ ደውዬ ያየሁትን ነገርኩት። «ኸላስ ያ አያሌው፣ ማዓሌሽ፣ አንተም እንግዲህ ዕረፍ» አለኝ፤ በቃ፣ አይዞህ ማለቱ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠራሁበት ቤት በዚህች ቃል ተዘጋ። ምስጋና የለ፣ ስንብት የለ፤ የስልኩ ካርድ እንኳ የእኔ ነበር።

አሁን ዴም በሚባለው ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እቀመጣለሁ። ሰዉ እየተመለሰ ነው፤ የተመለሰ ሁሉ ጣሪያውን ይጠግናል፤ ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ ቆርቆሮ ቆራጭ ሆኗል። አንድ ቀን ጎረቤቴ ሐሊማ ሁለት የቆርቆሮ መቀስ በፌስታል ይዛ መጣች። ሐሊማ የወሎ ሴት ናት፤ ሃያ ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች፣ ምላሷ ከመቀስ አያንስም።

«ጋሼ አያሌው፣ አንቱ ዕድሜዎን ከቆርቆሮ ጋር ነው የጨረሱት። የቷን ልያዝ? ይቺ ታበራለች፤ ያቺ ወላሂ እንደ አሮጌ ድስት ጠቁራለች። ባለሱቁ የማትፈልጊያትን እስከ ዐሥር ሰዓት መልሺ ብሎኛል። ያላ፣ ቶሎ ይበሉ!»

ተቀብዬ ሁለቱንም ዘግቼ ወደ ብርሃን አነሣኋቸው። ብሎናቸውን በጣቴ ሞከርኩ። የሲጋራ ወረቀት በምራቄ አርሼ በጫፍ በጫፋቸው ቆረጥኩ። የምታበራዋ ወረቀቱን አኘከችው፤ ጥቁሯ ጸጥ ብላ ቆረጠችው። ጥቁሯን ሰጠኋት።

«ማን ነው እንዲህ ያስተማረዎ?»

«ጋሽ ገብሬ የሚባሉ ሰው።»

«በሕይወት አሉ?»

«አሉ መሰለኝ። ማንሺያ ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ዘበኛ ነበሩ።»

«ዘበኛ? ይህን የሚያውቅ ሰው በር ይጠብቃል እንዴ?»

«እጃቸውን ታመው ነው» አልኳት።

መቀሷን ይዛ ሄደች፤ መልሴ ግን እውነት አልነበረም። ጋሽ ገብሬ እጃቸውን አልታመሙም። እጃቸውን ያሳጣኋቸው እኔ ነኝ። ይህ አልበቃ ብሎኝ፣ ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ዋሸኋቸው፤ እሳቸውም ውሸቴን አምነው ዐሥራ ምናምን ዓመት ጥፋቱን የራሳቸው አድርገው ኖሩ። ያን ዕለት አንዳችን ሳንሞት ሄጄ እውነቱን ልነግራቸው ወሰንኩ። ሄጄም ነገርኳቸው። ምን እንዳሉኝ በቦታው እጽፋለሁ፤ አስቀድሜ ግን ሰውየውን ላስተዋውቅ፤ አለዚያ ያጠፋሁት ጥፋት መጠኑ አይታወቅም።

የመጣሁት በመተማ በኩል ነው፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ። መጀመሪያ ዑምዱርማን ሲሚንቶ ተሸከምኩ፤ ቀጥሎ ዴም ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤት ሳህን አጠብኩ። ወረቀት ስላልነበረኝ «ከሻ» የሚሉት የፖሊስ አፈሳ በመጣ ቁጥር በማድ ቤቱ ጀርባ ዘልዬ ነበር የማመልጠው። ኋላ ኢቃማ አወጣሁ፤ የመኖሪያ ፈቃዱን እንዴት እንዳወጣሁት ብጽፍ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ይወጣዋል፣ የሚያነበውም ይታመማል። ምግብ ቤቱ ውስጥ አንድ አጭር፣ ቀጭን፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው ሁልጊዜ ጥግ ይዘው ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን የሳህን መደርደሪያው ሽቦ ተፈቶ፣ ትርፉን በቢላ ልቆርጥ ስታገል አዩኝ። ተነሥተው መጡና ከኪሳቸው ትንሽ ጉጠት አውጥተው በአንድ ጭብጥ ቆረጡት።

«ቢላውን ለሽንኩርት ተወው» አሉኝ። ጋሽ ገብሬ ነበሩ፤ በማግስቱ ወርሻ ወሰዱኝ።

ወርሻው የሚሠራው ሙከይፍ ነበር። የካርቱምን ሙቀት ላላየ ሰው ልንገር፤ ሙከይፍ ትልቅ የቆርቆሮ ሣጥን ነው፣ በውሃ በራሰ ገለባ ውስጥ አየር እየሳበ ቤት ያቀዘቅዛል። ሥራው ከዳር እስከ ዳር መቁረጥና ማጠፍ ነው፤ አንድ መስመር ከተዛባ ሣጥኑ ያፈሳል፣ ደንበኛ ይጮሃል። ሐጅ ዓዋድ በሙቀት ወራት ጥርሱ አይከደንም፤ ክረምት ገብቶ ገበያው ሲቀዘቅዝ ግን ሰላምታ እንኳ አይመልስም። ክፉ ሰው አልነበረም። አሠሪ ነበር።

ጋሽ ገብሬን ሱዳኖቹ «ኡስታ» ይሏቸዋል፣ ባለሙያ ማለታቸው ነው። የጎንደር ሰው ናቸው፤ እኔ ከመምጣቴ በፊት ብዙ ዘመን ስለኖሩ አማርኛቸው ግማሹ ዓረብኛ ሆኗል። ሦስት መቀስና ሁለት ጉጠት ነበሯቸው። አንዱ መቀስ ቀጥ ላለ መስመር ነው፣ አንዱ ወደ ግራ ለሚዞር፣ አንዱ ወደ ቀኝ ለሚዞር። ሥራ ሲያበቃ የሰሊጥ ዘይት በነካ ጨርቅ ያብሷቸውና እያንዳንዱን ለብቻው ይጠቀልሉታል፤ እርስ በርስ እንዲነካኩ አይፈቅዱም። ለማንም አያውሱም። አንድ ሱዳናዊ ባልደረባችን «ያ ኡስታ፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ» ቢላቸው፣ «አንተ ጥርስህን ታውሳለህ?» አሉት። መቀስ ወለል ላይ የጣለ ሰው ያን ቀን ከእሳቸው ጋር ሻይ አይጠጣም።

የሳጃና ባለሱቆች ደግሞ የሚፈሯቸው መቀስ ሊገዙ ሲመጡ ነው። ገና ከሩቅ ሲያዩዋቸው «ጃ አል-ሐበሺ!» ይባባላሉ፤ ሐበሻው መጣ፣ ግማሽ ቀናችን አለቀ ማለታቸው ነው። ጋሽ ገብሬ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ፣ ዐሥር መቀስ አስወርደው ጉልበታቸው ላይ ይደረድራሉ። መጀመሪያ የሚያዩት ሁለቱን ስለት የሚያያይዘውን ነው። በማይፈታ ሪቬት ተመትቶ ከተዘጋ ወዲያው ይመልሱታል። «ሲላላ በምን ታጠብቀዋለህ? በጸሎት?» ይላሉ። በብሎንና በዳዶ የታሰረ መሆን አለበት። ከዚያ መቀሱን ይዘጉትና በጠርዙ በኩል ወደ ፀሐይ ያነሡታል። በስለቶቹ መካከል እንደ ፀጉር የቀጠነ ብርሃን ካለፈ ጥሩ ነው፤ ስለቶቹ ጎበጥ ብለው የተሠሩ ናቸው፣ ሲቆርጡ የሚነካኩት በአንድ ነጥብ ብቻ ነው ማለት ነው። ብርሃን ጨርሶ ከሌለ ይፋተጋሉ። ብርሃኑ ከሰፋ ደግሞ ቆርቆሮው በመሃላቸው ይታጠፋል እንጂ አይቆረጥም።

ቀጥለው ከኪሳቸው ትንሽ ሞረድ አውጥተው የስለቱን ጥግ ቀስ ብለው ይነኩታል። ሞረዱ ከተንሸራተተ ብረቱ ደህና ጠንክሯል፤ ከያዘ ግን ለስላሳ ነው፣ ሁለት ወር አይቆይም። ሻጩ «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ዕቃዬን አበላሸኸው!» ብሎ ይጮሃል፤ እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ። በብሎኑ ዙሪያ በጥፍራቸው እየዳበሱ ስንጥቅ ይፈልጋሉ፤ መቀስ የሚሞተው እዚያ ነው ይላሉ። በክር አንጠልጥለውም በብረት መታ ያደርጉታል። ጤነኛው ድምፁ ይረዝማል፣ የተሰነጠቀው ቶሎ ይደፈናል። በመጨረሻ የራሰ የሲጋራ ወረቀት ይመጣል። ደረቅ ወረቀት ማንኛውም መቀስ ይቆርጣል፤ የራሰውን ሳይጎትትና ሳይቀድ እስከ ጫፉ የሚቆርጥ ከተገኘ ይገዙታል። ብዙ ቀን ምንም ሳይገዙ ምርቃት ብቻ ሰጥተው ይነሡ ነበር።

ለጉጠት ሌላ ሕግ አላቸው። ኪሳቸው ውስጥ ከብስክሌት ጎማ የወጣ ጠንካራ ሽቦ አይጠፋም። ጉጠቱን ዘግተው አፉ ከዳር እስከ ዳር መግጠሙን ያያሉ፤ ያን ሽቦ ሦስት ጊዜ ይቆርጡበታል፤ ከዚያ ዐይናቸውን ጨፍነው የአፉን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይዳብሳሉ። ጥፍራቸው አንድ ቦታ ላይ ከተያዘ ጉጠቱ ተሰርጉዷል፣ ይመለሳል። እጀታው ሲዘጋም መዳፍ መቆንጠጥ የለበትም። «ከቆርቆሮው በፊት አንተን የሚቆርጥ መሣሪያ አትግዛ» ይሉ ነበር። ይህን የሚሉትን ሰው ነው እንግዲህ እኔ ያስቆረጥኳቸው።

አያያዝም ያስተምራሉ። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» እያሉ፣ መቀሱን እስከ ጫፉ ድረስ እንዳንዘጋ፣ ጥቂት ሲቀረው ከፍተን እንድንገፋ ይነግሩናል፤ እስከ ጫፉ ከተዘጋ በየጭብጡ ቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ጥርስ ይተዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መቀስ ሽቦ አይቆርጥም፣ ጉጠት ቆርቆሮ አይነካም። ይህችን ሕግ የጣስኩት በሁለተኛው ዓመቴ ነው። ማንሺያ አንድ ሀብታም ቤት የአየር መተላለፊያ ልንዘረጋ ሄድን። መሰላል ላይ ነኝ፤ ጉጠቱ ታች ቀርቷል፤ ለመውረድ ሰነፍኩና አንዲት ሽቦ በመቀሱ ቆረጥኩ። ማንም አላየኝም። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ገብሬ የቆረጥኩትን ቆርቆሮ ጠርዝ በጣታቸው እየዳበሱ ሄዱ ሄዱና ቆሙ።

«ሽቦ ቆርጠህበታል።»

«አልቆረጥኩም።»

መቀሱን ተቀብለው ስለቱን አዩ። የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ስርጉድ ነበረች። አልጮሁም። «ይህ መቀስ ከዛሬ ጀምሮ የአንተ ነው፤ ሌላ አትነካም» አሉኝ። ሦስት ወር ሙሉ በዚያው መቀስ ቆረጥኩ። በየጭብጡ ያቺ ስርጉድ ጠርዙ ላይ እሾህ ትተዋለች፤ እሾሁን አንድ በአንድ በሞረድ አለሰልሳለሁ። ባልደረቦቼ ሥራ ጨርሰው ሲሄዱ እኔ እሞርዳለሁ። ያን ጊዜ ጠላኋቸው፤ መቀስ ማክበርን ግን ተማርኩ። አልቆረጥኩም ብዬ መዋሸቴን እሳቸው አላነሡትም። ምናለ ያኔውኑ ስለ ውሸቴ ቢቀጡኝ እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ፤ ይኸው ዛሬም ጥፋቴን በእሳቸው ላላክክ እፈልጋለሁ።

ዓመታት አለፉ። የጋሽ ገብሬ ዐይን ደከመ፤ ያን የፀጉር ብርሃን ማየት ተሳናቸው። አንድ ቀን ሞረዳቸውንና ያቺን የብስክሌት ሽቦ እጄ ላይ አስቀምጠው፣ «ከእንግዲህ ገበያ የምትሄደው አንተ ነህ። አንተ የመረጥከውን እኔ አልፈትነውም» አሉኝ። በሕይወቴ ከዚያ የሚበልጥ ሹመት አላገኘሁም። ያን ቀን ከሳጃና እስከ ዴም በእግሬ እየተንቀባረርኩ ሄድኩ።

ሞላ የሚባል የአገሬ ልጅ ነበር። ድንበሩን የተሻገርነው በአንድ የጭነት መኪና ነው፤ ዑምዱርማን ሲሚንቶ የተሸከምነውም አብረን ነው። ወንድ ልጅ ሲወልድ ክርስትና ያነሣሁለት እኔ ነኝ፤ አበልጅ ሆንን። አበልጅ ለእኛ ምን እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ አላስረዳም። ሞላ ከተሸካሚነት ተነሥቶ፣ ቀስ በቀስ ሳጃና ውስጥ የእጅ መሣሪያ ሱቅ ከፈተ። በዚያው ሰሞን ቀጥ ላለው መስመር አዲስ መቀስ አስፈለገንና ወደ ገበያ ወጣሁ። በሩ ላይ ሆኖ አየኝ።

«አበልጄ! በእኔ ሱቅ ላይ አልፈህ ልትሄድ ነው? ዐይኔ እያየ?»

ገባሁ። ሱቁ በደንበኛ ሞልቷል። እጄን ይዞ ለሱዳኖቹ በዓረብኛ፣ «ይኸውላችሁ፣ የሳጃናን ሱቅ ሁሉ የሚያስጨንቀው ሐበሻ፣ ከእኔ ነው የሚገዛው!» አላቸው። ሁሉም ዞረው አዩኝ። አንድ የሚያበራ መቀስ ከካርቶን አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠ። ሞረዱ ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄን ሰደድኩ፣ ነካሁት፣ ባዶ እጄን አወጣሁ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የአበልጄን ዕቃ ብሞርድ፣ ባንጠለጥል፣ በምራቄ ወረቀት አርሼ ብፈትን፣ አላምንህም ማለቴ ነው። ቢወድቅበት ደግሞ ሱቁን በከፈተ በወሩ እዘጋዋለሁ። ይሉኝታ ያዘኝ። «ማሻአላህ፣ ጥሩ ነው» ብዬ ከፈልኩ።

ይህ ብቻ ቢሆን በስንት ጣዕሙ። ወርሻ ከደረስኩ በኋላ ማን ያየኝ ነበር? ብቻዬን ልፈትነው እችል ነበር። ግን ብፈትነውና ቢወድቅስ? መልሼ ልወስድለት ነው፣ ዐይን ለዐይን ልንተያይ ነው። ስለዚህ አለማወቅን መረጥኩ። መቀሱን ጋሽ ገብሬ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። እሳቸውም እንደ ቃላቸው አልፈተኑትም፤ ዘይት ቀቡትና ሥራ ጀመሩበት።

ሦስት ሳምንት ሠራ። በአራተኛው፣ ጧት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ የአንድ ትልቅ ሙከይፍ ማዕዘን እየቆረጡ ነበር። ቆርቆሮው እዚያ ላይ ተደራቢ ስለሆነ ትከሻቸውን አስደግፈው ጫን አሉ። እኔ ከጎን ሆኜ ወረቀት ላይ ልኬት እጽፋለሁ። እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። ቀና ስል አንደኛው ስለት ከብሎኑ ላይ ተሰብሮ ወድቋል፤ እጃቸው በነበረው ኃይል ሁሉ አዲስ በተቆረጠው ጠርዝ ላይ ሄዷል፤ ከአንጓቸው ሥር እስከ መዳፋቸው መሃል ተከፍቷል። ጋሽ ገብሬ አልጮሁም። እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ያዩት ነበር።

በጨርቅ አሰርኩላቸውና ራክሻ ላይ ጫንኳቸው። ባለሦስት እግሩ መኪና በየጉድጓዱ በዘለለ ቁጥር ደሙ ሱሪዬ ላይ ይፈሳል። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ የጠየቁኝ ግን ስለ ሐኪም አልነበረም።

«ፈትነኸው ነበር?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«በሞረድ?»

«በሞረድም፣ በወረቀትም።»

«አንጠልጥለህስ?»

«አንጠልጥዬም።»

ዐይናቸውን ጨፈኑ። «እንግዲያው የእኔው እጅ ነው» አሉ። «አርጅቻለሁ። አጣምሜ ይዤው ነው።»

ያኔ አፌን መክፈት ነበረብኝ። በቁስል ላይ ሌላ ቁስል አልጨምር ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ፤ እውነቱ ግን ፈራሁ ነው። ወርሻ ተመልሼ ስብራቱን አነሣሁት። ግማሹ አዲስ ስብራት ነው፣ ያበራል፤ ግማሹ ግን ቡናማ ነው፤ አሮጌ ዝገት ውስጡ ገብቷል። ከካርቶን ሲወጣም የተሰነጠቀ ነበር። ጥፍር ያገኘው ነበር፤ ክር ላይ ቢንጠለጠል ድምፁ ያሳብቅ ነበር። ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ጆንያ ውስጥ ከተትኩት፣ ጆንያውንም በዚያው ቀን ብረት ለሚሰበስብ ሰው ሰጠሁት። ጋሽ ገብሬ ከሆስፒታል ወጥተው «ስብራቱን እስኪ ልየው» ሲሉኝ፣ «ተጠርጎ ሄዷል» አልኳቸው።

ሐኪሞቹ ጅማቱን ሰፉት፤ ሦስቱ ጣቶች ግን አልታጠፉም። ሐጅ ዓዋድ ኢንሻአላህ ይሻልሃል አላቸው፣ የተወሰነ ነገር ሰጣቸው፣ ከዚያ እኔን በቦታቸው አስቀመጠኝ። እሺ አልኩ፤ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ከዚህ እወቁት። ጋሽ ገብሬም መሣሪያዎቻቸውን እኔው እንድወስዳቸው ሰጡኝ፤ «እኔ ምን አደርጋቸዋለሁ?» ብለው። አሁን እነሱም ከወርሻው ጋር ተዘርፈዋል። ለሞላ የስብራቱን ነገር ስነግረው፣ «ወላሂ አበልጄ፣ በካርቶን ታሽጎ ነው የሚመጣው፣ ውስጡን እኔ በምን አውቃለሁ? የእግዜር ሥራ ነው» አለኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ በልጁ ልደት ቤቱ ሄጄ በላሁ፣ ጠጣሁ። ጦርነቱ ሲመጣ ወደ ጁባ ሄደ፤ ድምፁን አልሰማሁም፣ አልናፈቀኝምም።

አለቃ በሆንኩባቸው ዓመታት ያልፈተንኩት ነገር የለም። ባልደረቦቼ «አያሌው ማንኪያም ቢሆን አንጠልጥሎ ነው የሚበላበት» እያሉ ይሳለቁብኝ ነበር። ገበያው በሚያበራ ዕቃ ተጥለቅልቆ ከሃያ መቀስ አንድ የማይገኝበት ጊዜ መጣ፤ ቢሆንም ያን አንዱን ሳላገኝ አልመለስም። ሰው ጥንቃቄ ይመስለው ነበር። እኔ ዕዳ ስከፍል ነበር፣ ግን ለማይመለከተው ሰው።

ጋሽ ገብሬ ማንሺያ ዘበኛ ሆነው ተቀጠሩ። በዓል በመጣ ቁጥር እጠይቃቸው ነበር። በየጊዜው ነገሩ ምላሴ ጫፍ ላይ ይደርሳል፣ በየጊዜው እውጠዋለሁ። ኋላ ኋላ መሄዱንም ቀነስኩ። እሳቸው ሥራ በዝቶበት ነው ይሉ እንደነበር ሰምቻለሁ።

እንግዲህ ሐሊማ በጠየቀችኝ በሦስተኛው ቀን ጧት በሚኒባስ ማንሺያ ሄድኩ። ከቤቶቹ ብዙዎቹ ባዶ ናቸው። የእሳቸው ጌቶች አልተመለሱም፤ ጋሽ ገብሬ ግን ውጊያው ሁሉ ሲያልፍ ከዚያ በር አልተነቃነቁም። ከኒም ዛፍ ሥር አሮጌ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከስተዋል። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተጋድሟል።

«ማነህ?»

«አያሌው ነኝ፣ ጋሼ።»

«አያሌው! አልሐምዱሊላህ፣ ተርፈሃል!» በግራ እጃቸው ሳቡኝ፣ ሳሙኝ። «ወርሻው እንዴት ነው?»

«የለም። ግድግዳ ብቻ ነው የቀረው።»

«መሣሪያዎቼስ?»

«ተወስደዋል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እንድቀመጥ ጋበዙኝ፣ እኔ ግን ከተቀመጥኩ እንደማልናገር አውቄ ቆሜ ተናገርኩት።

«ጋሼ፣ ያን መቀስ አልፈተንኩትም። የአበልጄ ዕቃ ስለሆነ አፈርኩ። ራክሻው ውስጥ የነገርኩዎት ሁሉ ውሸት ነው። ስብራቱ ውስጥ አሮጌ ዝገት ነበረበት፤ አይቼ ነው የሰወርኩት።»

የትኛውን መቀስ አላሉም።

«ቢንጠለጠል ይታወቅ ነበር?»

«ይታወቅ ነበር።»

«በጥፍርስ?»

«በጥፍርም።»

ፊታቸው በራ። እምላለሁ፣ ደስታ ነበር ያየሁት። ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው አንሥተው አገላብጠው አዩት። «እጄ አልነበረም» አሉ። «እጄ ልክ ነበር።» ከዚያ ደስታው ከፊታቸው ሲወርድ አየሁት።

«እዚህ በር ላይ ተቀምጬ ስንት ሰው መጣ መሰለህ? ግንበኛው፣ ቧንቧ ሠሪው፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው። ‹ያ ኡስታ፣ ይህን ጉጠት እይልን፣ ይህን መቀስ ምረጥልን› ይሉኛል። እኔ ምን አልኳቸው? ‹አላውቅም፤ አውቃለሁ ብዬ እጄን ያጣሁ ሰው ነኝ› እያልኩ መለስኳቸው። አንድም ሰው አላስተማርኩም። የማውቀውን ሁሉ በገዛ አፌ ካድኩት። እጄን ብረት ወሰደው፣ ኸላስ፣ ብረት ይቆርጣል። ይህን ግን የወሰድከው አንተ ነህ።»

ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። «ተነሣ» አሉኝ፤ አልተነሣሁም። «ጋሼ፣ በደንቡ ሽማግሌ እልካለሁ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ትልልቅ ሰዎች ይዤ እመጣለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«ሽማግሌ እንዳትልክብኝ!» በዚያ ሁሉ ዓመት ሲጮሁ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ሽማግሌ ከመጣ ራሴን አውቀዋለሁ። ‹ስለ እግዚአብሔር› ይሉኛል፣ ሽበታቸውን አያለሁ፣ ይሉኝታ ይይዘኛል፣ ሳልወድ ይቅር ብያለሁ እላለሁ። ይሉኝታ እጄን በልቷል፤ የቀረውን አታስበላብኝ። ይቅር ለማለት ልቤ ከፈቀደ እኔው ራሴ ሰው እልክብሃለሁ። አሁን ሂድ።»

ተነሥቼ ወጣሁ። የብረቱን በር በግራ እጃቸውና በትከሻቸው ገፍተው ከኋላዬ ዘጉት።

ይህ ከሆነ አራተኛ ወሩ ነው። እኔ ሽማግሌ አልላክሁም። እሳቸውም ሰው አልላኩብኝም።